አራት ደብር፣ አንድ ቅዳሴ፦ ክርክር

በመንዝ ደጋ ጎን ለጎን ያሉ አራት የገጠር አጥቢያዎች፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ አቦና ጊዮርጊስ፣ አገልጋይ እያነሳቸው ነው። ሰበካ ጉባኤዎቻቸው «ካህናቱን አንድ ላይ አድርገን እሑድ እሑድ በተራ በአንዱ ደብር ይቀደስ፤ ገቢውም በአንድ ሣጥን ይግባ» የሚል ሐሳብ ይዘው እየተነጋገሩ ነው። የሚካኤሉ አስተዳዳሪ ሐሳቡን ይደግፋሉ። በአቦ አጥቢያ ተወልዳ እዚያው የምታስተምር መምህርት ትቃወማለች።

ቀሲስ፦

ባለፈው እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ደወልኩ። የጠዋቱን ጸሎት፣ ኪዳንን፣ አደረስን። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ በቅጽሩ ቆመ፤ ክርስትና የሚያስነሱ እናትም ሕፃን ታቅፈው ከበሩ ሥር ተቀምጠዋል። እኔና ሁለት ዲያቆናት ነበርን። አብረውኝ የሚቀድሱት ቄስ ሌሊቱን ባለቤታቸው ታመውባቸው ወደ ሕክምና ይዘው ሄደዋል። ሦስተኛው ዲያቆን መሐል ሜዳ ከተማ ትምህርት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታ ቅጽሩን ስታሞቅ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «አባ፣ ዛሬም የለም?» አሉኝ። ዛሬም የለም አልኳቸው።

በዚያው ሰዓት ከወንዙ ማዶ የማርያም ደወል ይሰማ ነበር። በኋላ ስጠይቅ እዚያም ሁለት ቄሶችና አንድ ዲያቆን ቆመው እንደኛው ሰው ሲጠብቁ አርፍደዋል። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። የእነሱና የእኛ ቢደመር ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ለየብቻ ሆነን ሁለቱም ደብር ሳይቀደስበት ዋለ፤ ያ ሕፃንም ሳይጠመቅ ተመለሰ።

እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ታቦት ይነሣ፣ ደብር ይዘጋ ያለ የለም። እሑድ በተራ፣ በየወሩ የሚውለው በዓል ግን በየቦታው ይሁን። በ12 ሁላችንም ሚካኤል እንገኝ፣ በ21 ማርያም፣ በ5 አቦ፣ በ23 ጊዮርጊስ። በጥምቀት እኮ አራቱም ታቦታት ወደ አንድ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ፤ አንድ ድንኳን ሥር ያድራሉ፤ ሌሊት የሚቀደሰውም አንድ ቅዳሴ ነው። በዚያ ቀን «የእኔ ደብር ቀረብኝ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰሞነኛ፣ የሳምንቱ ተረኛ ካህን፣ በተራ መግባትም ከአባቶች የወረስነው ነው። እኔ ተራውን ከአንድ ቅጽር ወደ አራት ቅጽር ማስፋት ነው የጠየቅኩት።

አንድ ቄስ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይቀድስም። ቄሱ ባለትዳርም ነው፤ ለቅዳሴ ራሱን ጠብቆ ይቆያል። ዓመቱን ሙሉ፣ ሳምንት ሳያልፍ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ይህን ሸክም እንዲሸከሙ መፍረድ ይከብዳል። ከቅዳሴ ወጥተው ደግሞ ሞፈር ይጨብጣሉ።

መምህርት፦

አባቴ፣ ያንን እሑድ እኔም አውቀዋለሁ፤ አቦም እንዲሁ ነበርን። ሕፃኑ ሳይጠመቅ መመለሱ እኔንም አሳዝኖኛል። ግን እርስዎ ባሉት ተራ ቢሆንስ ኖሮ? ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ቀኑ ተራችን ባልሆነበት እሑድ ሲውል አራስ እናት ሕፃኗን አዝላ በሐምሌ ጭጋግ ከአቦ ወደ ጊዮርጊስ ልትሻገር ነው ማለት ነው። ገደሉን ወርዶ መውጣት ለጤነኛ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የኔ እናት መቋሚያ ተደግፈው ደጀ ሰላም ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ለእሳቸው «ሦስት እሑድ ማዶ፣ አንድ እሑድ እዚህ» ማለት በወር አንዴ ቅዳሴ ይስሙ ማለት ነው። ለኪዳኑ ጠዋት ሰው ቢመጣ እንኳ ቁርባን የለም፤ ሥጋ ወደሙ አድሮ አይቆይምና ከማዶ ይምጣልን አይባል።

ከ2015 ወዲህ ደግሞ መንገዱን እርስዎ ያውቁታል። አንድ ሳምንት ሰላም፣ አንድ ሳምንት ስጋት። በሌሊት ተነሥቶ ከቀበሌ ቀበሌ መሄድ ዛሬ ቀላል አይደለም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ደግሞ አትሞክረውም።

እርስዎ ያነሱት ቅዳሴውን ነው። ደብር ግን ከቅዳሴ ሰፋ ይላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው አለ። ተረኛዋ ዳቦዋንና ጠላዋን ይዛ መጥታ ከዛፉ ሥር ስንቀመጥ ነው የማን ከብት እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ የምንሰማው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከክፍል የጠፉ ልጆችን በብዛት የማገኛቸው እዚያ ሰንበቴ ላይ ወላጆቻቸውን አግኝቼ ነው። ሁለት ገበሬ በድንበር ሲጣላ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በዚያው ጥላ ነው። ቅዳሴ ከሌለ ሰንበቴ የለም፤ ሦስት እሑድ የማይገናኝ ሰው በአራተኛው እንግዳ ሆኖ ይመጣል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። አገራችን ተራቁታለች። ከሩቅ የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ደን የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ ነው፤ ጽድና ወይራ የቀረው እዚያ ነው። ያንን ደን የሚጠብቀው በየጠዋቱ በበሩ የሚገባና የሚወጣው ሰው ነው። ሰው ሲርቅ መጥረቢያ ይቀርባል። ዕቃ ቤቱም እንዲሁ። ሰው ከማይበዛባቸው የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጽሐፍና መስቀል እየተሰረቀ ስንቱ እንደወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ቀሲስ፦

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። እኚህን እናት አውቃቸዋለሁ፤ በደጉ ዘመን ለአቦ መገበሪያ ስንዴ ሲያበጥሩ ያደጉ ናቸው። ነገር ግን እሑድ ተራ ባይሆንም ዛሬ እሳቸው ስንት ቅዳሴ ይሰማሉ? ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ በአቦ የተቀደሰበትን እሑድ ቁጠሪ። በወር አንድ የተረጋገጠ ቅዳሴ «ዛሬ ይኖር ይሆን?» እያሉ በየሳምንቱ ተደግፈው መጥተው ከመመለስ አይሻልም? ሕፃኑንም ቢሆን ቀኑ የታወቀ ከሆነ አባቱ በቅሎ ይለምናል፣ ዘመድ ዘንድ ያድራል። ዛሬ የት እንደሚቀደስ የሚያውቅ የለም።

ሰንበቴውንና ደኑን ግን በትክክል ነው ያነሳሽው፤ እኔ ያላሰብኩበት ነበር። ስለዚህ ሐሳቤን ላሻሽል። በየጠዋቱ ኪዳን በአራቱም ደብር ይድረስ፤ ለኪዳን አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ይበቃሉ። ከኪዳኑ በኋላ ሰንበቴው እዚያው ይቀጥል።

አሁን ወደ ሥሩ ልግባ። ካህኑ ለምን አነሰ? አባቶቼ የቤተ ክርስቲያን መሬት ይበሉ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የካህኑ ማደሪያም አብሮ ሄደ። ገበሬው መሬት ማግኘቱን አልነቅፍም፤ እኔም ከዚያው አርሼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩ። ከዚያ በኋላ ግን ካህኑን ማን ያሳድረው የሚለው ጥያቄ ከአዋጁ ሁለት ዓመት ቀድሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲው፣ በተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ትከሻ ላይ ወደቀ። የሰበካ ጉባኤ ደግሞ የአባላቱን ያህል ነው። ስድሳ ቤተ ሰብ ያለው አጥቢያ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ ገዝቶ፣ ለወረዳው ቤተ ክህነት ፈሰስ አድርጎ፣ ለቄሱ የሚተርፈው ስንት ነው? ስለዚህ ድጓ የሚያውቀው መሪጌታ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አልፈርድበትም። ልጆች አሉት።

እኔ ቅኔ ለመቁጠር ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ሄጃለሁ። አኩፋዳዬን አንግቤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ለምኜ ተምሬያለሁ። ያኔ መምህሩን የሚያሳድረው ደብሩ ነበር። ዛሬ ከአራታችን አንዳችንም ብቻችንን አንድ የዜማ መምህር ማሳደር አንችልም። አራት አጥቢያ በየዓመቱ በየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ ብታዋጣ ግን አንድ መምህር ከነተማሪዎቹ ይከርማል። አንድ ሣጥን የምለው ለዚህ ነው። የመንዙን የጓሳ ሜዳ ሣር አባቶቻችን በቀሮ ሥርዓት በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ለዓመታት ተዘግቶ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ገብቶ ያጭድ ነበር። ሣርን በጋራ ከጠበቁ ካህንን በጋራ ማሳደር እንዴት ያቅተናል?

መምህርት፦

የጓሳውን ምሳሌ ወድጄዋለሁ፣ ግን ለእኔም ይሆናል። ጓሳ የጸናው እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱ ጠባቂና የራሱ ድርሻ ስለነበረው ነው፤ ሁሉም «የእኔ» የሚለው ነበረው። ሥርዓቱ የፈረሰውም እርስዎ በጠቀሱት የመሬት አዋጅ ዘመን ያ የ«እኔ» ነገር ሲጠፋ ነው። አንድ ሣጥን የምትሉት ይህንን ያጠፋዋል ብዬ እፈራለሁ። ለአቦ የተሳለች ሴት ስለቷን ለአቦ ነው የምትሰጠው። ስለቷ የጊዮርጊስን ቆርቆሮ ሲገዛ ብታይ በሚቀጥለው ዓመት አትሳልም። ይህን በክፋት አላየውም፤ ስእለት እንዲህ ነው።

የኪዳኑን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ አመሰግናለሁም። የመምህሩንም ገብስ እቀበላለሁ፤ ሣጥኑ ግን ለመምህሩ ቀለብ ብቻ ይሁን፣ የየደብሩ ስለትና ሙዳየ ምጽዋት በየቦታው ይቅር።

ዲያቆናቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ከእኛ እጅ ነው። ትምህርት ቤታችን ልጆችን በፈረቃ ያስተምራል። ንባብ ቤት የሚገቡትን ልጆች ከሰዓት ፈረቃ ላይ እንመድባቸው፤ ጠዋት ኪዳን ቆመው፣ ፊደልና ዳዊት ደግመው፣ ከሰዓት ክፍል ይምጡ። እኔ ርእሰ መምህሩን አነጋግራለሁ። እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች እዚሁ ናቸው። በደንብ ካነበቡ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ቀርበው ዲቁና ይቀበላሉ። እርስዎ ስለ ካህናት ማነስ ሲነግሩኝ እኔ በክፍሌ ውስጥ ሲቀመጡ የማያቸው ወንዶች ልጆች ትዝ ይሉኛል። ዲያቆን የሚሆነው ከነሱ ነው፤ እኛ ነን ያልጠየቅናቸው።

የከተማው ተወላጆችም ለቆርቆሮና ለቀለም ብር ይልካሉ። ሲመጡ አዲሱን ጉልላት ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ፤ የሚቀድስበት ሰው መኖሩን የጠየቀ የለም። እኛም ቆርቆሮ ብቻ ነው የለመንናቸው፤ አሁን የዲያቆን ቀለብ እንለምናቸው።

ቀሲስ፦

የፈረቃው ነገር ጥሩ ነው፤ ከነገ ጀምሪው። ሆኖም አንድ ልጅ ፊደል ከጀመረ እስኪቀድስ ሁለትም ሦስትም ዓመት ይፈልጋል። 8ኛ ክፍል ሲጨርስ ደግሞ መሐል ሜዳ ይሄዳል፤ ያሳደግሽውን ልጅ ከተማው ይወስድብሻል። እስከዚያ በሚመጡት ዓመታት በየእሑዱ ምን ላድርግ? እኔ የጠየቅኩት እስከዚያ ድረስ ነው። ስለቱም በየደብሩ ይቅር፤ በዚህ ተረታሁልሽ።

መምህርት፦

«እስከዚያ ድረስ» የሚለውን ነው የምፈራው አባቴ። በዚህ አገር ለጊዜው ተብሎ የተዘጋ በር ሲከፈት አላየሁም። ስለዚህ እሑድ በተራ ቢሆን እስማማለሁ፤ ግን ቀኑ ይጻፍ፤ በሦስተኛው ዓመት መስከረም ሰበካ ጉባኤዎቹ ተቀምጠው ይመርምሩት። ሁለተኛ፣ ተራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚቀደሰው ሰው በጣም ባነሰበት ደብር ይሁን፤ ብርቱው ደብር ይጠብቅ። ሦስተኛ፣ ተራው ያልደረሰው ደብር ጠባቂ ገብሱ አስቀድሞ ይሰጠው፤ ቅጽሩ ባዶ አይደር።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ፋሲካ። 55 ቀን ጾመን፣ ሕማማቱን ሰግደን፣ ያቺን ሌሊት በየትኛው ደብር ነው የምናነጋው? እናቴ «ክርስቶስ ተንሥአ» የሚለውን በአቦ ነው የሰሙት፤ አያቴም እንደዚያው፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው። ለዚያች ሌሊት ብቻ ከደብረ ብርሃን ልዑካን ለምነን እናምጣ፤ እዚያ ተራ ጠብቀው የሚቀድሱ ካህናት ብዙ ናቸው። የትራንስፖርቱን እኛ አስተማሪዎቹ እናዋጣለን።

ቀሲስ፦

ከከተማ ካህን በፋሲካ ሌሊት ደብሩን ጥሎ ይመጣል ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ። ደብዳቤውን ግን እኔ እጽፋለሁ። እምቢ ካሉን ለአራቱ ደብር ዕጣ እንጥላለን፤ ዕጣው የወጣለት ያነጋል፤ የቀሩት በየቅጽራቸው ኪዳን አድርሰው፣ ጧፋቸውን አብርተው ይጠብቁናል። ያን ሌሊት ዕጣ ለአቦ ባይወጣ እኔ ራሴ በቅሎዬን ጭኜ እናትሽን ለመውሰድ እመጣለሁ።

መምህርት፦

በቅሎዋን እቀበላለሁ። ዕጣውን አልቀበልም።