ቅጹ ይባረክ

በቤተ ክርስቲያናችን ለጥምቀት የሚመጡትን ለሚመረምረው የአባልነት ኮሚቴ ምስጋና የሚያቀርብ ሰው መጥፋቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የሰውን ልብ መመርመር የሚያህል ከባድ ሥራ በአራት ገጽ ቅጽና በአንድ ማኅተም መገላገል ቀላል ነገር ነው እንዴ?

የቀደሙት ሰዎች ችኩሎች ነበሩ። ፊልጶስ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ከኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጋር በሠረገላ ሲሄድ ውኃ ዘንድ ደረሱ። ሰውየውም እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። እኛ ብንኖር አንድ በአንድ እንነግረው ነበር፦ የመሸኛ ደብዳቤ የለህም፤ የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱን አልጨረስክም፤ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አላመጣህም፤ ደግሞስ መንገደኛ ነህ፣ ነገ ብትጠፋ ማን ይጠየቃል? ፊልጶስ ግን አብሮት ወደ ውኃው ወረደ። የፊልጵስዩሱ የወህኒ ጠባቂማ ጭራሽ በሌሊት አምኖ ሳይነጋ ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ። ኮሚቴ በዚያ ሰዓት ስለማይሰበሰብ ይሆናል።

የእኛን ቅጽ እንደ ውኃ የሚጠጣው ጠንቋዩ ሲሞን ነበር። ታሪኩ የሚገኘው እዚያው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ፣ ከጃንደረባው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አመነ፣ ተጠመቀ፣ ከፊልጶስም አልለይ አለ። በስም መቆጣጠሪያ ላይ አንድ ቀሪ አይገኝበትም! ኋላ ገንዘብ ይዞ መጥቶ መንፈስ ቅዱስን የማሳደር ሥልጣን ልግዛ ማለቱ አይካድም፤ ቅጹ ላይ ግን ይህን የሚጠይቅ መስመር የለም። (የሕንፃ ኮሚቴውም እንዲህ ያለ ለጋስ በቀላሉ አይለቅም።)

ጥንትም ምርመራ ነበር የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። «ሐዋርያዊ ትውፊት» የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ ተጠማቂዎች 3 ዓመት እንዲማሩ ያዛል። ነገር ግን ትጉህ የሆነ ሰው የሚመዘነው በጊዜው ርዝመት ሳይሆን በኑሮው ነው ይላል። ሊጠመቁ ሲሉም መበለቶችን አክብረው፣ ሕሙማንን ጠይቀው እንደሆነ ይመረመራሉ፤ የሚመሰክሩላቸውም ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኮሚቴ አይመችም፤ መልሱን ለማጣራት መበለቷ ቤት ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ነው።

አንድ ቀን ሁለት ተጠማቂዎች ሲጠየቁ ተቀምጬ አየሁ። የመጀመሪያው ሠርጉ የደረሰ ወጣት ነው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ምስክርነቱን እንደ ውዳሴ ተማሪ ወረደው። «በኃጢአት ስባዝን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ የሚሰበርበትን ቦታ አጥንቶታል። ኮሚቴው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ቀጥላ አንዲት ልጅ ገባች።

«ጌታን የተቀበልሽበት ቀን?»

ጥቂት አሰበች። «ቀኑን ለይቼ አላውቀውም። ከእናቴ ጋር ስጸልይ ነው ያደግሁት።»

የጸሐፊው እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሦስቱም ሳጥኖች ባዶ። በሚቀጥለው ዙር አስታውሳ እንድትመጣ ተነገራት። እሺ ብላ ወጣች፤ አልተከራከረችም።

ወጣቱ በር ላይ ሲጠብቅ ነበርና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ይቅርታ፣ ወረቀቱ በዕለቱ ይሰጣል?»

«ከነማኅተሙ» አለው ጸሐፊው።