ገንፎው ጤና ጣቢያ እስኪገባ

በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 10 ብቻ ነበሩ። ቤታቸው የወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 ከመቶ የሚሆኑት «አስፈላጊ አይደለም» አሉ። 30 ከመቶ ያህሉ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ሲሉ መለሱ። የመንገድ ርቀትና የትራንስፖርት እጦት ከእነዚህ ሁለቱ በታች ነበር የተጠቀሰው።

ይህን ሠንጠረዥ ይዞ ስብሰባ የገባ ኃላፊ ምን እንደሚል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «የግንዛቤ ችግር አለ» ይላል። ከዚያ ባነር ይታዘዛል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታተማል፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይካሄዳል፣ የውሎ አበል ይከፈላል፣ ሪፖርት ይጻፋል። እናቲቱ እዚያው ቤቷ ትወልዳለች።

ደግነቱ፣ ጥያቄውን እዚያ ላይ ያላቆሙ ተመራማሪዎችም ነበሩ። ገጠር ወርደው ከወላዶች፣ ከአማቶች፣ ከባሎች፣ ከልምድ አዋላጆችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብለው አወሩ። ከሰሙት ውስጥ የዕውቀት ማነስ ትንሹ ነበር። እናቶቹ ጤና ጣቢያውን ያውቁታል፤ ብዙዎቹም የማይሄዱት ስለሚያውቁት ነው። ቤቷ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ የምታምጥ ሴት እዚያ ጠባብና ቀዝቃዛ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ እግሯን እንድትከፍት ትታዘዛለች። ባለሙያው ብዙ ጊዜ ወጣት ወንድ ነው። እናቷ፣ እህቷና ጎረቤቶቿ በር ላይ ይቀራሉ፤ «ማርያም ማርያም» የሚላት ሰው አጠገቧ የለም። ስትጮህ የምትገሠጽበት ጊዜ አለ። ከተገላገለች በኋላም ገንፎ የለም፣ ቡና የለም፣ እልልታ የለም፤ አራስነቷ በባዶ ኮሪደር ይጀምራል።

ለዚህ ምን ዓይነት ባነር ይሰቀላል?

መፍትሔው የተገኘው ከማተሚያ ቤት አልነበረም። በየአካባቢው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ ማዘጋጀት ጀመሩ። ቤተሰብ ወደ ማዋለጃው ክፍል እንዲገባ የፈቀዱ አሉ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠሩ፤ እህሉን ያዋጣው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከመቶ ከፍ አለ።

ይህን ሁሉ ገንፎው አመጣው ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። በእነዚያ ዓመታት ለየወረዳው አምቡላንስ ተሰጥቷል፣ ጤና ጣቢያዎች በብዛት ተገንብተዋል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል። አንዳንዱን ቀበሌ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ብሎ የመሰየም ዘመቻም ነበር፤ እንዲህ ያለ ስያሜ ቀበሌውን ለማትጋት የሚጠቅመውን ያህል ቤት የወለደችውን እናት እንዳትናገር ሊያደርጋት ይችላል ብዬ እሠጋለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ የጤና ተግባቦት ጥናት፣ ማለትም የጤና መልእክት ለሰዎች እንዴት እንደሚደርስና ምን እንደሚሠራ የሚመረምረው ሙያ፣ ሥራውን የሠራው እናቶችን «በማስገንዘብ» ሳይሆን ጤና ጣቢያውን በማስገንዘብ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረውም ለዚህ ነው። የአድማጩን ልብ ብቻ ለመለወጥ የሚሠራ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው፤ ተናጋሪውን የመለወጥ ሥልጣን የሌለው ጥናት ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መልእክት መንደፍ ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን በመርሳታችን በኤችአይቪ ጊዜ ብዙ ከፍለናል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግድግዳውን የሞሉት ሥዕሎች በአብዛኛው አጥንቱ የወጣ ሰው፣ አፅምና መቃብር ነበሩ። የዚያን ዘመን አዘጋጆች በክፋት አልሠሩትም፤ መድኃኒት የለም፣ ሰው እያለቀ ነው፣ ታዲያ ምን ይበሉ? ይሁንና ፍርሃት በመልእክት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ጃኒስና ፌሽባክ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ ጥርስ ንጽሕና በማስተማር ሞክረውት ነበር። እጅግ አስፈሪውን ትምህርት የሰሙት ተማሪዎች በጣም ተጨነቁ፤ ምክሩን በተግባር ያዋሉት ግን ቀለል ያለውን የሰሙት ነበሩ። ከዓርባ ዓመት ገደማ በኋላ ኪም ዊት የተባለች ተመራማሪ ሐሳቡን አጠራችው። ሰው ሲፈራ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ አደጋው እውነት ነው ወይ፣ እኔስ ማምለጥ እችላለሁ ወይ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ አደጋውን ትቶ ፍርሃቱን ለማስወገድ ይሠራል፤ ጆሮውን ይደፍናል፣ ይክዳል፣ ያላግጣል። በጉዳዩ ላይ ያለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ ፍርሃት ከመውጫ መንገድ ጋር ሲቀርብ ይሠራል የሚሉ ጠንካራ መረጃዎች አሉ። አፅሙን የሚያሳይ ሥዕል ግን መውጫ መንገድ አልነበረውም።

የዚያ ሥዕል ዕዳ ደግሞ ቆይቶ ነው የተከፈለው። በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ኤችአይቪን ከአፅም ጋር አቆራኝቶ የያዘ አእምሮ ለምርመራ መቅረብን ለሞት ፍርድ ከመቅረብ ለይቶ አላየውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት አላቸው የተባሉት ሴቶች 20 ከመቶ፣ ወንዶች 38 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ኤድስ ያልሰማ ሰው ማግኘት በሚያስቸግርበት አገር ማለት ነው። ሰምቷል፤ ፈርቷል፤ አላወቀም።

የተሻለ የተሠራበትም ጊዜ አለ፣ ከዚያው ዘመን። ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ደራሲዎቹ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት ሰዎች ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ኤችአይቪ ምን እንደሚያስቡ የሚመረምር ጥናት ተሠርቷል። አካሄዱ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ ሜክሲኮአዊ በ1970ዎቹ የጀመረው ነው፤ ከጥሩውና ከመጥፎው ገጸ ባሕርይ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው መሐል ላይ ሆኖ ለሚያመነታው ነው፤ አድማጩ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነውና። ከአድማጮች የመጣው ደብዳቤ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ውጤቱ ሲለካ ድራማውን የሰሙት ካልሰሙት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው ተዘግቧል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ከሌለው ቀድሞውኑ በትምህርትም በገቢም ሊለይ ስለሚችል፣ ልዩነቱን ሁሉ ለድራማው መስጠት አይቻልም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ጋዜጣ እንደማያነቡ፣ ቴሌቪዥን እንደማያዩና ሬዲዮ እንደማይሰሙ ተመዝግቧል። ስለ ጤና መልእክት ሥርጭት ስናወራ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ አራተኛዋ ሴት ነው።

አሁን ደግሞ ለሙያው ወገንተኛ የሆንን ሰዎች ልንሰማው የማንወደውን ላንሳ። ትራኮማ፣ ዓይንን እስከማሳወር የሚያደርሰው ተላላፊ በሽታ፣ የአማራ ክልል የቆየ መከራ ነው። ፊት መታጠብ ከመከላከያ መንገዶቹ አንዱ ተብሎ ለዓመታት ተሰብኳል። በዋግ ኽምራ 40 የገጠር አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ በአንደኛው ወገን የውኃ ነጥብ ተሠራ፣ ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ያላሰለሰ ትምህርት ተሰጠ፤ ሌላኛው ወገን ጥናቱ እስኪያልቅ ባለበት ቆየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የልጆቹ ዓይን ሲመረመር በሁለቱ ወገኖች መካከል በበሽታው አምጪ ተሕዋስ መጠን ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ።

እኔ ይህን ጥናት ከብዙ የስኬት ታሪኮች አስበልጬ አከብረዋለሁ። ፊት መታጠብ ከንቱ ነው አላለም፤ በከፋ ድርቅ በሚታወቅ አካባቢ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ይህን ያህል ትምህርትና ይህን ያህል ውኃ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ነገረን። ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ እናት የልጇን ፊት ያላጠበችው ስላልተነገራት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ የተነገራትም ያልተነገራትም በእኩል እንደሚታመሙ በቁጥር ማሳየት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ያልሠራ ዘመቻ በይፋ የሚታተምበት አሠራር ቢኖረን ኖሮ ስንት ባነር ባልታተመ ነበር።

ከውኃም በላይ የሚያንስበን ነገር ግን አመኔታ ነው። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ማዕሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ፣ የአገሪቱ ደም ባንክ ከቤተ እስራኤላውያን የሚለገሰውን ደም በኤችአይቪ ሥጋት ምክንያት ለዓመታት በስውር ሲደፋ መኖሩን አጋለጠ። ከባለሥልጣናቱ የቀረበው ማብራሪያ፣ ደማችሁን አንቀበልም ብሎ ማሳፈሩ ስለከበደ ተቀብሎ መጣል ተመረጠ የሚል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ለስሜታቸው ታስቦ ነው የተባለው ዝምታ ከማንኛውም ክፉ ቃል በላይ አቆሰላቸው። ቁስሉ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አመረቀዘ፤ ፕኒና ታማኖ ሻታ የተባሉት ትውልደ ኢትዮጵያዊት የክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) አባል እዚያው ምክር ቤቱ ግቢ ደም ሊለግሱ ቀርበው በትውልድ ቦታቸው ምክንያት በመጀመሪያ አልቀበልም ተባሉ፤ ቆይቶም ቢለግሱ ደማቸው ጥቅም ላይ ሳይውል በቅዝቃዜ እንደሚቀመጥ ተነገራቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ላለው ማኅበረሰብ የጤና በራሪ ጽሑፍን ወደ አማርኛ መተርጎም የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከጽሑፉ በታች ያለውን ማኅተም ሲያይ ምን ይሰማዋል የሚለውን ማንም ሳይጠይቀው መተርጎም ደግሞ ወረቀት ማባከን ነው።

እኛም አገር ቤት በኮሮና ጊዜ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት የጥንቃቄ መልእክት እንሰማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁላችንም አዳመጥን። ወራት ሲያልፉ ግን መልእክቱ እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሮ ማራቅ የተለመደ ሆነ። መልእክቱ መቼ መለወጥ እንዳለበት፣ ከቤት አትውጡ የሚለው ቃል ለዕለት ጉርሱ ወጥቶ ለሚያድር ሰው ምን ማለት እንደሆነ መከታተል የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ትርፍ ሥራ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ስለዚህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከሁሉ በፊት የገንዘቡ ቅደም ተከተል ይገልበጥ እላለሁ። በአብዛኛው ጥናት የሚመጣው ዘመቻው ካለቀ በኋላ፣ «ስንት ሰው ሰማ?» ብሎ ለለጋሽ ሪፖርት ለማድረግ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ስለ ጤና ባህርይ የሚያወጧቸው የማስተርስ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ተጽፈው በእንግሊዝኛ ይቀመጣሉ፤ ጥናቱ የተሠራበት ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ፍሬ ሐሳብ እንኳ አይደርሰውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየበረንዳው የምትሰማው ጥያቄ፣ ጥርጣሬና ስድብ ደግሞ የትም አይመዘገብም። በሪፖርት ቅጿ ላይ የጎበኘችው ቤት ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ፤ የሰማችው ነገር የሚሰፍርበት ግን አላየሁም።

ይህ መዝገብ በአስቸኳይ የሚያስፈልግበት ቦታ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ነው። በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ወላጆች የሚያነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ለምን ለሴቶች ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ? ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ መልስ ካጡም «ሊያመክኗቸው ነው» የሚለው ወሬ ክፍተቱን ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። በ2014 እ.ኤ.አ. በኬንያ ለሴቶች በተሰጠው የቴታነስ ክትባት ላይ የካቶሊክ ጳጳሳት ያሰሙት ተቃውሞ ይኸው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት የተቋረጠውም በተመሳሳይ ጥርጣሬ ነው፤ ከዚያ የተነሣው ቫይረስ በሱዳን በኩል ተሻግሮ በ1997 ዓ.ም. እኛም አገር ገብቷል። ልጃገረዶቹን ተሰልፈው የሚጠብቁት ነርሶች ለሁለቱ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ በወላጆች ፊት ተሞክሮ፣ ያልገባው ተስተካክሎ፣ በየቋንቋው ተዘጋጅቶ እጃቸው ሊገባ የሚገባው ክትባቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው።