የሕጻናት ማሳደጊያ በር ይከፈት ወይስ ገርበብ ይበል?

ብዙ የሕጻናት ማሳደጊያዎች በግቢያቸው የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ያካሂዳሉ፦ የጓሮ አትክልት፣ የሠፈሩ ልጆችም የሚያነቡበት ቤተ መጻሕፍት፣ የስፌትና የእንጨት ሥራ ሥልጠና፣ የበጎ ፈቃደኞች የቅዳሜ ፕሮግራም። ይህ የልጆቹን ኑሮ ያቀናል ወይስ ይበጠብጣል? አንድ የፕሮጀክት አስተባባሪና ለረጅም ዘመን በሞግዚትነት የሠሩ ሴት በየተራ ይከራከራሉ።

አስተባባሪው፦

ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ውጭ የሚያውቀው ሰው ስንት ነው? ወላጅ ያለው ልጅ ሥራ ሲፈልግ አጎት አለው፣ ቤት ሲከራይ ጎረቤት ዋስ ይሆነዋል፣ ሲታመም ጠያቂ አያጣም። የእኛ ልጆች ግን የሚያውቁት ተረኛ ሞግዚት፣ ጥበቃና ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው፤ ሁሉም ደመወዝ እየተከፈለው የሚመጣ። ምግቡ በስሎ ይቀርባል፣ ልብሱ ታጥቦ ይታደላል፣ ገንዘብ በእጃቸው አይገባም። እንዲህ ያደገ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን በሳምንት ቢጨርሰው ምን ይገርማል?

አትክልቱም ስፌቱም የመጣው ለዚህ ነው። ልጁ ከሠፈሩ አናጢ ጋር ሳንቃ ሲለካ ሙያ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ስሙን የሚያውቅ፣ ነገ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ብሎ ዋስ የሚሆነው ሰውም ያገኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፖላንዳዊው ሐኪምና ጸሐፊ ያኑሽ ኮርቻክ እ.ኤ.አ. በ1912 ዋርሶ ውስጥ በተከፈተው የሙት ልጆች ቤት ልጆች የሚዳኙበት ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ አሳዳጊዎችም በዚያ ችሎት ይከሰሱ ነበር። በ1926 ደግሞ ልጆች የሚጽፉበት ጋዜጣ ከአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር በየሳምንቱ እንዲወጣ አደረገ። የልጅን ድምፅ ከግቢ አውጥቶ ለአደባባይ ማድረስ ማለት ይህ ነው።

ደስ የማይለውንም ልበል። ግፍ የሚደላደለው በተዘጋ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአየርላንድ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ልጆች በተቋማት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲደበደቡ፣ ሲደፈሩና በረሃብ ሲኖሩ የመንግሥት ቁጥጥር ሊያስቆመው እንዳልቻለ ይዘረዝራል። በየሳምንቱ የሚገባ ጎረቤት ሰንበር ያያል፤ ያየውንም ይናገራል። በዓመት አንዴ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ግን የተነጠፈ አልጋ ነው።

ሞግዚቷ፦

ወንድሜ የሚጽፉት ስለ አሥራ ስምንተኛው ዓመት ነው፤ እኔ የምኖረው ከስድስተኛው ጋር ነው። ንጋት ላይ አልጋውን ያረጠበውን ልጅ ሌሎቹ ሳያዩት አንሶላውን መቀየር አለብኝ። ትራሷ ሥር ዳቦ የምትደብቅ ልጅ አለች፤ ነገም ምግብ እንዳለ አላመነችም፣ በቃልም አታምንም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሳህን ሲቀርብላት ነው ቀስ በቀስ መደበቋን የምትተወው። ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ የቤት ሥራ፣ ጠብ፣ የጠፋ እርሳስ፣ «እማ ለምን አልመጣችም?» የሚል ጥያቄ። የማሳደጊያ ሥራ እነዚህን መልሶ መላልሶ መሥራት ነው። ለጋሽ ፊት ቢቀርብ አሰልቺ ነው፤ ፎቶም አይወጣውም።

ከዚህ ላይ ቅዳሜ ይጨመራል። ልጆቹ ታጥበውና ለብሰው፣ መዝሙር አጥንተው ይጠብቃሉ። በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፣ ያቅፏቸዋል፣ ቀለም ይቀባባሉ፣ ይሄዳሉ። ማታ ማልቀሱን የምሰማው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ልጅ ያላየውን ሰው ሁሉ ሮጦ ይጠመጠምበታል፤ እንግዳው «እንዴት ያለ ተግባቢ ልጅ!» ብሎ ይደሰታል። በተቋም ያደጉ ሕጻናት የሚያውቁትንና የማያውቁትን ሳይለዩ መጠጋታቸው ግን ባለሙያዎች ከለዩት የቆየ የጉዳት ምልክት ነው። በሮማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ጥናት 136 የተቋም ሕጻናትን ይዞ ግማሾቹን በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ሰጥቷል። ከቤተሰብ የገቡት ተሻላቸው፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ማታ ያስተኛቸው ሰው ጠዋት ሲነቁም እዚያው ነበር። ይህን ደግሞ የትኛውም የቅዳሜ ፕሮግራም አይሰጥም።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። ለግድግዳ ቀለም፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለምርቃት ሪባን ለጋሽ አይጠፋም። ለአንድ ተጨማሪ የሌሊት ተረኛ ደመወዝ የሚሰጥ ሲጠየቅ ግን ስብሰባው ጸጥ ይላል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር «ተጠቃሚ» መቆጠር አለበት፤ የሚቆጠሩትም ልጆቹ ናቸው። አትክልቱን ውኃ የሚያጠጣውስ ማን ነው? ፈተና ያለበት ልጅ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ልጅን መንከባከብ የተቋሙን የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የኢኮኖሚ ግብ ለማራመድ እንዳይውል ያስጠነቅቃል። በ2019ም ጠቅላላ ጉባኤው በማሳደጊያዎች ስለሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ስጋቱን ገልጿል። እኔ ብቻ አይደለሁም የምሰጋው።

አስተባባሪው፦

እኅቴ ጉብኝትንና ፕሮጀክትን አንድ ላይ ጠቅልለዋል። ፎቶ አንስቶ የሚሄደውን እኔም አልፈልገውም። እኔ የምለው በሠፈሩ የሚኖረውን ነው።

ማታም ጠዋትም እዚያው ስለሚገኝ ሰው ሲናገሩ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ሞግዚትም ይለዋወጣል። በተራ ይሠራል፣ ደመወዙ ሲያንስ ይለቃል፣ ሲያገባ ይሄዳል። አንድ ልጅ እስኪያድግ ስንት ሞግዚት እንደሚያልፍበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አናጢው ግን ሠፈሩን አይለቅም። በሩን ስለዘጋን ብቻ ልጁ ቋሚ ሰው አላገኘም፤ እንዲያውም ሊያገኘው የሚችለውን አሳጥተነዋል።

የቡካሬስቱ ጥናትም ስለ ጨቅላዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍሪካና በእስያ አምስት አገሮች ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት በተቋም የሚኖሩት በማኅበረሰቡ ውስጥ ከሚኖሩት ወላጅ አልባ ልጆች በጤናም በአእምሮ ዕድገትም የከፋ ሁኔታ ላይ እንዳልሆኑ አግኝቷል። ቤቱ ውስጥ የሚደረገው ነገር ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። እስከ ነገ ቤተሰብ የማይገኝለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዛሬ ሳንቃ ይለካ እላለሁ።

ሞግዚቷ፦

አናጢው ይምጣ። ማንነቱ ይጣራ፣ ካሜራ አይያዝ፣ ጀምሮ ለመተው አይምጣ፤ ልጁም «ዛሬ አልፈልግም» ሲል በሪፖርት ላይ «ተሳትፎ ዝቅተኛ» ተብሎ አይጻፍበት። አየርላንድን ሲያነሱም እንዳይረሱ፤ ክፉ ሰው በተከፈተ በርም ይገባል፣ ያውም ስጦታ ይዞ።

ሞግዚት ይለዋወጣል ማለትዎ እውነት ነው፤ ያመኛልም። መፍትሔው ግን ሞግዚቷን ማቆየት ነው፤ እሷ የምትቆየው ደግሞ በደመወዝ ነው እንጂ በተቀባ ግድግዳ አይደለም። ለመሆኑ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ እርስዎ ያውቃሉ? አርፍደው ይነሳሉ፣ ካልሲ ያጥባሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ከወንድማቸው ጋር በአሻንጉሊት ይጣላሉ። ይህ ሁሉ በፕሮጀክት ሰነድዎ ላይ «ክፍት ሰዓት» ተብሎ ተይዟል።

በሚቀጥለው በጀት ከቀለሙና ከመሣሪያው በፊት የአንድ የሌሊት ሞግዚት ደመወዝ ያስገቡ። እሱ ከገባ ስለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንነጋገራለን፤ ጠዋቱን ግን አይጠይቁኝ።