በምዕራብ፦ ወንዝ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወርደው የቦርከና ሸለቆ አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ላይ እና ታች። ሰሜን የሚፈለገው ለሶላት ነው፤ መካ ከዚህ በቀጥታ በስተ ሰሜን ናትና። ላይ ማለት ገብስ፣ ባቄላና ብርድ ነው፤ ታች ማለት ማሽላ፣ ማሾና ወባ። ደገኛው ቆለኛውን «ትኩሳታም» ይለዋል፤ ቆለኛውም ደገኛውን «ባቄላ በል»። ይጋባሉ ደግሞ። በሠርጉ ማግስት ስድቡ ካቆመበት ይቀጥላል።

የሸለቆውን ታሪክ የፈለገ ቡናውን እስከ በረካ መቀመጥ አለበት። እኔን ያስረዱኝ አዛውንት በአቦሉ ቅድመ አያታቸውን አንዲት ጊደር አስነድተው ብቻቸውን አመጧቸው። በቶናው ጊደሯ ጥማድ በሬ ሆነች፣ ጫካው ተመነጠረ፣ ነብሩ ሸሸ። በበረካው ቅድመ አያትየው በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ፣ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተቀመጡበት የሃይማኖት ጉባኤ፣ ከፊት ቆመው ተገኙ። ሃይማኖታቸውን ምን ብለው እንደወጡ ስጠይቅ ግን ዕጣን ተጨመረ። አራተኛ ቡና ቢኖር ኖሮ ሸለቆው በሙሉ የእርሳቸው ርስት ይሆን ነበር።

ደግሞም ታሪኩ ከየትም ይነሣ፣ የሚያርፈው ወሰን ላይ ነው። ጣሊያን ወደ አስመራ የሚወስደውን መንገድ በዚህ ሲያወጣ «የእኛን ማሳ ለሁለት ቆረጠው» የማይል ቤት የለም። የሁሉም አቤቱታ እውነት ከሆነ መንገዱ አስመራ ሳይደርስ እዚሁ ሲጠማዘዝ ይኖር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 «መሬት ለአራሹ» ሲታወጅም ጭሰኛው ከባለርስቱ ተገላገለ እንጂ ከጎረቤቱ አልተገላገለም፤ የወሰን ድንጋይ ሌሊት እግር ማውጣቱን አልተወም። ማንም የማያሳምረው የ77 ድርቅ ብቻ ነው። ማን በሰፈራ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ እንደሄደ፣ ማን እንዳልተመለሰ በስም ይጠራል፤ ያን ጊዜ ስለ ወሰን የሚያነሣ የለም።

ቦርከና ግን አዋጅ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ከኩታበር በኩል ተነሥቶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ እስኪደርስ የሁለቱን ከተሞች ቆሻሻ ይሸከማል፤ እዚህ ሲደርስ መሬት ማከፋፈል ይጀምራል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአንዱ ዳር ይቆርሳል፣ ለማዶው ደለል ያድላል። የአዛውንቱ የይዞታ ደብተር ላይ አዋሳኞች ተጽፈዋል፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን እገሊት፣ በደቡብ መንገድ፣ በምዕራብ ወንዝ። ከአራቱ ይዞታውን በየዓመቱ የሚያሰፋው ወንዙ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ለሽምግልና የሚጠራው አልተገኘም። ከማዶው ባለማሳ ጋር ግን በየመስከረሙ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይታረቃሉ። ቅሬያቸው አንድ ነውና ቢኮራረፉም ማን ይቀብራቸዋል?

ደብተሬን ሳጥፍ አዛውንቱ ጠጋ አሉኝ።

«እንግዲህ ልትጽፈው አይደል፣ ልጄ? በምዕራብ በኩል ‹እስከ ሾላው› በልልኝ።»

«ሾላው ከወንዙ ማዶ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ለዘንድሮ ነው» አሉ።