የታሸገ ሱቅና የታገደ አካውንት

አገር ቤት ሱቅ ሲታሸግ በአደባባይ ነው። በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ጎረቤት ያያል። ባለሱቁ ያፍራል፣ ይናደዳል፣ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ማን እንዳሸገበት ወረቀቱ ላይ አለ። «ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ቢባልም ነገ የሚመለስበት በር አለው።

እዚህ አሜሪካ፣ ሱቁ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ፣ መታሸጉ የሚሰማው በኢሜይል ነው። የላከው ሰው ስም የለውም። መልስ ስትጽፉለት ሌላ ስም የሌለው ኢሜይል ይመጣል። ስልክ ብትደውሉ የሚያነሳው ልጅ ትሑት ነው፣ በደንብ ያዳምጣችኋል፣ መጨረሻ ላይ ግን ጉዳዩን የያዘው ሌላ ክፍል መሆኑንና ያ ክፍል በስልክ እንደማይገኝ ይነግራችኋል። በቃ።

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች «እዚህ እኮ ሕግ አለ» ማለት እንወዳለን። በብዙ ነገር እውነት ነው፣ እኔም እለዋለሁ። በኦንላይን ገበያ ላይ ዕቃ ለሚሸጥ ትንሽ ነጋዴ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ይህንን የምጽፈው አንዲት የማውቃት እህት ላይ የደረሰውን በቅርብ ስላየሁና ስላንገበገበኝ ነው።

ይህች እህት ማታ ማታ ሆስፒታል ትሠራለች። ቀን ቀን ደግሞ የሕፃናት ልብስ ከአከፋፋይ እየገዛች በአንድ ትልቅ የኦንላይን ገበያ ላይ ትሸጣለች። ዕቃዋ በገበያው መጋዘን ይቀመጣል፣ ገበያው ራሱ ለገዢ ይልክላታል። ደረሰኟ ሁሉ በየወሩ በፎልደር ተለይቶ ተቀምጧል፣ አይቼዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ብዙ አላውቅም። ደንበኞቿ ጥሩ ኮከብ ነው የሚሰጧት።

አንድ ቀን አካውንቷ ታገደ። የተሰጣት ምክንያት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ከዚህ በፊት ከታገደ ሌላ አካውንት ጋር ግንኙነት አለሽ። የትኛው አካውንት? አይነገርም። በምን ተገናኘን? እሱም አይነገርም። ሁለት ቀን ሙሉ ስታስብ ቆይታ በመጨረሻ ትዝ አላት። የአክስቷ ልጅ አዲስ የመጣ ጊዜ ቤዝመንቷ ውስጥ ኖሯል። ያኔ እሱም በዚያው ገበያ ላይ የስልክ ሽፋን ለመሸጥ ሞክሮ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋበት፣ ትቶት ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። የሷን ዋይፋይ ይጠቀም ነበር። አድራሻው የሷ ቤት ነበር። አንዳንዴም የሷን ላፕቶፕ።

ጥፋቷ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዘመድ ማስጠጋት።

ሲስተሙ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እነዚህ ገበያዎች አንድ የታገደ ሻጭ በሌላ ስም ተመልሶ እንዳይመጣ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የኢንተርኔት መስመሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ ካርዱን፣ ስልኩን፣ የመኖሪያ አድራሻውን ያመሳክራሉ። ሁለት አካውንት በአንዱ ከተገናኘ ማሽኑ ምልክት ያደርጋል። ማሽኑ ያላወቀው ነገር የእኛን አኗኗር ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን የመጀመሪያውን ዓመት በሰው ሶፋ ላይ ያላሳለፍን? በአንድ የፖስታ ሣጥን የስንት ሰው ደብዳቤ ነው የሚመጣው? አንዱ ላፕቶፕ ይገዛል፣ ቤቱ በሙሉ ይጠቀምበታል። አገር ቤት ወንድምና እህት ጎን ለጎን ሱቅ ቢከፍቱ፣ አንዱ ቢታሸግ፣ የሌላው አብሮ አይታሸግም። እዚህ አብሮ መኖራችን ራሱ እንደ ማጭበርበሪያ መረብ ይነበባል።

ስማችንም ሌላ ጣጣ ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ የመብራት ቢሉ ላይ የለም፣ ባንኩ ደግሞ አንድ ፊደል ጨምሯል። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ሰው መሆኑን በደቂቃ ይረዳል። ማሽኑ ግን «አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሳል።

ወደ እህታችን ልመለስ። አካውንቱ ሲታገድ ገንዘቧም አብሮ ታገደ። ቀድማ የሸጠችው፣ ገዢው የተቀበለው፣ ማንም ቅሬታ ያላቀረበበት ዕቃ ገንዘብ ማለት ነው። መጋዘን ያለው ዕቃዋ አይሸጥም፣ እስኪጣራ ድረስ ማውጣትም አልተፈቀደላትም፣ የመጋዘን ኪራዩ ግን መቁጠሩን ቀጥሏል። አከፋፋዩ ደግሞ ገንዘቡን ይፈልጋል። እሱ ምን ዕዳ አለበት?

ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ የይግባኙ አሠራር ነው። ይግባኝ ስትሉ ሦስት ነገር ጻፉ ይሏችኋል፦ ችግሩ ከምን መጣ፣ ምን አደረጋችሁበት፣ ወደፊት እንዳይደገም ምን ታደርጋላችሁ። ልብ በሉ፣ «አላጠፋሁም» የሚል ቦታ የለውም። ጥያቄው ራሱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ ጀምሯል። እህታችን ደውላ «ጋሼ፣ ያላጠፋሁትን ጥፋት እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አለችኝ። ብዙ ልምድ ያላቸው ሻጮች የሚመክሩት እመኚና ጻፊ ነው። እመኚና ይቅርታ ጠይቂ፣ ይከፈትልሻል። እኔ ይህን ምክር አልወደድኩትም። ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ያ እምነት ፋይሏ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እሷም እውነቱን ጻፈች፦ የአክስቴ ልጅ ነው፣ እኔ ቤት ኖሯል፣ ንግዱ የኔ አይደለም፣ ይኸው የንግድ ፈቃዴ፣ ይኸው የባንክ ሒሳቤ፣ ይኸው የሱ የዛሬ አድራሻ። የመጣው መልስ «ያቀረቡት መረጃ በቂ አይደለም» የሚል ነው። ምን እንደጎደለው አልተጻፈም።

አገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። ጉዳይህን ሰምተው፣ በሕግ ቋንቋ አሳምረው ይጽፉልሃል። እዚህም ይግባኝ የሚጽፉ አማካሪዎች ተፈጥረዋል። ልዩነቱ፣ የአገር ቤቱ ጸሐፊ ለየትኛው ችሎት እንደሚጽፍ ያውቃል። የእዚህኞቹ ብዙዎቹ ማሽኑ ምን ቃል እንደሚወድ በመገመት ነው የሚኖሩት። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይከፍላል።

ለገበያዎቹም ፍትሐዊ ልሁን። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚሸጥ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚጠፋ፣ በአሥር ስም አሥር አካውንት የሚከፍት ሌባ ሞልቷል። በፍጥነት ካልዘጉበት ገዢው ይጎዳል። በጊዜያዊነት ማገዳቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ምክንያቱን መደበቃቸውንና የሚሰማ ሰው አለማስቀመጣቸውን ነው።

ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣውና ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ገበያው ሻጭን ሲያግድ የተለየውን ምክንያትና ፍሬ ነገር በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሙሉ በሙሉ ሊያሰናብተው ከሆነ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ 30 ቀን ቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጋቸው ደግሞ ትልልቆቹ መድረኮች ቅሬታን በማሽን ብቻ እንዳይወስኑ፣ ብቃት ያለው ሰው እንዲያይበት ያዛል። በጀርመንም በ2019 የውድድር ባለሥልጣኑ አማዞንን መርምሮ ውሉን አስለውጦታል። ቀድሞ ያለምንም ምክንያት ወዲያው የመዝጋት መብት በውሉ ላይ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠት ግዴታው ሆነ።

እዚህ አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም። ከሰኔ 2023 ጀምሮ ኢንፎርም የሚባል ሕግ አለ፣ ግን እሱ በዋናነት ገዢን ለመጠበቅ የወጣ ነው። በዓመት ውስጥ 200 ሽያጭና 5,000 ዶላር የደረሰ ሻጭ ማንነቱን፣ የባንክ ሒሳቡንና የግብር ቁጥሩን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የሚገርመው፣ በዚህ ሕግ መሠረት መረጃ አልሰጠህም ተብሎ ከመታገድህ በፊት ማስጠንቀቂያና 10 ቀን ይሰጥሃል። በሌላ ምክንያት ሲያግዱህ ግን የሚወስንብህ «እስማማለሁ» ብለህ ሳታነበው የተጫንከው ውል ነው። ለመክሰስ ብትነሳም ውሉ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ግልግል ዳኝነት ይልክሃል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። እኛ አገር ደጅ መጥናት እንዳለ፣ ጉቦ እንዳለ፣ ፋይል እንደሚጠፋ ማንም አይክድም። ሱቁ ያለአግባብ ታሽጎበት ወራት የተንከራተተ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ «የኔን ብታይ» ይለኛል፣ ልክም ነው። ቢሆንም ሕጉ ላይ የተጻፈው ቁም ነገር መታየት አለበት። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰው ላይ ከመወሰኑ በፊት ያንን ሰው እንዲሰማው፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት ሄዶ ማስከለስ ይችላል። ድሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንል ነበር። ዛሬ በወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን መንግሥት ይከሰሳል። ውጭ አገር ያለ ገበያ ግን የእህታችንን እንጀራ በአንድ ኢሜይል ዘግቶ የማይጠየቅ ሆኗል።

ይህ ነገር ለአገር ቤትም ቅርብ ነው። ስንት ወጣት ነው ዛሬ ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ ላይ እየሸጠ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው? የራሳችን የኦንላይን ገበያዎችም እየተከፈቱ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ቆይቷል። ወደፊት ደንብና መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ገዢው መብት ብቻ ሳይሆን ስለ ትንሹ ሻጭም ያስቡ። የሻጭ አካውንት ሲታገድ ምክንያቱ ከነማስረጃው ይነገረው፣ ይግባኙን ስም ያለው ሰው ይይ፣ ክርክር ያልተነሳበት ገንዘብ በተወሰነ ቀን ይለቀቅ፣ በእገዳው ወቅት የመጋዘን ኪራይ አይቆጠር። ይህን አሁን ገና ገበያዎቹ ትንንሽ ሳሉ መጻፍ ቀላል ነው።

እዚህ ለምትሸጡ ደግሞ ከእህታችን ጉዳይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤታችሁ ዘመድ ካለና እሱም መሸጥ ከፈለገ፣ በናንተ ኮምፒውተርና ካርድ እንዳይከፍት ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቅር አይበላችሁ። ደረሰኛችሁንና የሽያጭ ሪፖርታችሁን በየወሩ አውርዳችሁ ከገበያው ውጭ አስቀምጡ፣ አካውንቱ ሲዘጋ ማየትም ላትችሉ ትችላላችሁና። ከታገዳችሁ በንዴት ሁለተኛ አካውንት አትክፈቱ፣ ያኔ እውነተኛ ጥፋት ሰጣችኋቸው። ደብዳቤያችሁ አጭር፣ ቀን በቀን፣ ማስረጃው የተያያዘበት ይሁን። ገንዘባችሁ ከተያዘ ውሉ ላይ ስለ ግልግል ዳኝነት የተጻፈውን አንብቡ፤ ለትንሽ ገንዘብም ቢሆን ጉዳዩን እዚያ ማቅረብ ይቻላል፣ ያን ጊዜ ቢያንስ ጠበቃቸው ፋይሉን ከፍቶ ያነበዋል። እህታችንም አሁን የያዘችው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ማመልከቻዋን አስገብታለች፣ የመጋዘን ኪራዩም እንዲመለስላት ጠይቃለች።