ስታር ትሬክ የማን ነው? ስለ ጂን ሮደንቤሪ መታሰቢያ የቀረበ ክርክር

የስታር ትሬክ (በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርክ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) ወዳጆች የድራማውን ጠንሳሽ ጂን ሮደንቤሪን በየዓመቱ ያስቡታል፤ አንዳንዶቹ በተወለደበት ኦገስት 19፣ ሌሎቹ በ1991 ባረፈበት ኦክቶበር 24 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «በመታሰቢያው ምሽት የሚታየውም የሚወሳውም የሮደንቤሪ ሥራ ብቻ ይሁን» የሚል ነው።

ደጋፊ

የአንድ ሰው መታሰቢያ የዚያ ሰው ይሁን። መርሐ ግብሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ በ1964 መጨረሻ የተቀረጸው የሙከራ ክፍል «ዘ ኬጅ» ይታይ፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤን ቢ ሲ «ጭንቅላት የሚያደክም ነው» ብሎ ሲመልሰው የተሠራው ሁለተኛው የሙከራ ክፍል «ዌር ኖ ማን ሃዝ ጎን ቢፎር» ይከተል፤ እሱ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲታዩ ሮደንቤሪ የቱን እንዳልለቀቀ፣ የቱን እንደተወ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመጀመሪያው ስሜቷን የማታሳየው የመርከቧ ሁለተኛ አዛዥ ሴት ናት፤ ከሌላ ዓለም የመጣው ባልደረባዋ ስፖክ ደግሞ የሚያዜመውን ተክል በእጁ ነክቶ ፈገግ ይላል። በሁለተኛው ሴትየዋ የለችም፤ እርጋታዋን ስፖክ ወርሶታል። ጣቢያው የስፖክን ሹል ጆሮ አልወደደውም ነበር፤ ሮደንቤሪ ግን ገጸ ባሕርዩን አሳልፎ አልሰጠም።

ለአዘጋጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የ«ዘ ኬጅ» ዋናው ፊልም በ1966 «ዘ ሜናጀሪ» ለተባለው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ሲባል ተቆራርጧል። ለዓመታት ሙሉ ሆኖ የቆየው የሮደንቤሪ ጥቁርና ነጭ ቅጂ ብቻ ነበር። በ1986 በቪዲዮ የወጣው ስለዚህ በከፊል ባለቀለም፣ በከፊል ጥቁርና ነጭ ነው። እሱን የከፈተ አዘጋጅ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሲደናገር ያመሻል። በ1988 በቴሌቪዥን የታየው ሙሉው ባለቀለም ነውና እሱ ተፈልጎ አስቀድሞ ይሞከር።

ተቃዋሚ

ተከራካሪዬ «የሮደንቤሪ ብቻ» ብለው ከመረጧቸው ሁለት ክፍሎች ሁለተኛውን የጻፈው ሳሙኤል ፒፕልስ ነው። ስሙም በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ይታያል። ክርክሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሮደንቤሪን ብቻውን ለማሳየት የሞከረ ሰው ገና በሁለተኛው ፊልም ሌላ ሰው ያገኛል።

ይህን ዓለም ሰው ያደረገው ጂን ኩን ነው። በመጀመሪያው ሲዝን አጋማሽ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ገባ፤ የጀግኖቹ ባላንጣ የሆኑትን ክሊንጎኖችን በ«ኢራንድ ኦፍ ሜርሲ» ያመጣቸው እሱ ነው። በማርች 1967 የታየውን «ዘ ዴቭል ኢን ዘ ዳርክ»ንም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ማዕድን ቆፋሪዎች በዋሻ ውስጥ አለት እየበላ የሚሄድ ፍጡር ይገድላቸዋል። ጓዶቻቸውን ያጡት ቆፋሪዎች ይገደልልን ይላሉ፤ የመርከቧ አዛዥ ከርክም መሣሪያውን ይዞ ይገባል። ፍጡሩ ቆስሎ ፊት ለፊቱ ሲመጣ ግን አይተኩስም። ስፖክ እጁን ዘርግቶ ከአእምሮው ጋር ሲገናኝ «ሕመም!» እያለ ይጮኻል። ቆፋሪዎቹ ድንጋይ መስሏቸው ሲሰባብሯቸው የከረሙት ክብ ክብ ነገሮች የዚያች እናት እንቁላሎች ነበሩ። የስታር ትሬክ ልብ የት ነው ቢባል እኔ እዚህ ላይ ነው የምለው፤ ድርሰቱም የኩን ነው።

ደራሲዋ ዶሮቲ ፎንታና በ«ጆርኒ ቱ ባቤል» ለስፖክ አባትና እናት ሰጥታዋለች። ማት ጄፈሪስ ኢንተርፕራይዝ የተባለችውን መርከብ ነደፈ፤ ዋ ቻንግ በእጅ የሚያዘውን የመገናኛ መሣሪያ ሠራ። ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲተላለፍ የሚታየው ብልጭታ ብርሃን እየበራበት ሲረግፍ የተቀረጸ የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። ከ2006 ጀምሮ በታደሰው ቅጂ የመርከቧ ምስሎች በኮምፒውተር ስለተተኩ፣ 3.4 ሜትር ገደማ የምትረዝመውን የኢንተርፕራይዝ ሞዴል በካሜራ ሲቀርጹ የነበሩ ሰዎች ሥራ እዚያ አይታይም። ለመታሰቢያ የሚሆነው የቀድሞው ቅጂ ነው። በድጋሚ ስርጭት ለማስታወቂያ ሲባል የተቆረጡም ስላሉ፣ ክፍሉ 50 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ይረጋገጥ።

ክብር ስለ መካፈል ከተነሳ ደግሞ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የመክፈቻውን ዜማ የደረሰው አሌክሳንደር ኩሬጅ ነው። ሮደንቤሪ ተዘፍነው የማያውቁ ግጥሞች ጽፎ የገቢውን ግማሽ ወስዷል።

ደጋፊ

የግጥሙ ነገር እውነት ነው፤ አስቀያሚም ነው። መታሰቢያ ግን የሰውዬው ጠባይ ሚዛን ላይ የሚወጣበት መድረክ አይደለም፤ ጥያቄያችን ይህ ዓለም ከማን ተነሳ የሚል ነው።

ኩንን እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን በሌሎች ዓለማት ሕይወት ጣልቃ መግባትን የሚከለክለው ሕግ ዘወትር ለእሱ ይሰጣል። ሕጉ መጀመሪያ የተጠቀሰበት «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ አርኮንስ» ታሪክ ግን የሮደንቤሪ ነው። በሦስተኛው ሲዝን ብዙ የተሳለቁበትን «ስፖክስ ብሬይን» የጻፈውስ? ሊ ክሮኒን በሚል የብዕር ስም ራሱ ኩን ነው። ያን ጊዜ ሮደንቤሪ ከዕለት ተዕለት ሥራው ርቆ ነበር። ያው ደራሲ በሮደንቤሪ ዓይን ሥር ሲጽፍና ያለ እሱ ሲጽፍ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ጥቁሯ ኡሁራ፣ እስያዊው ሱሉ፣ ኋላም ሩሲያዊው ቼኮቭ በአንድ መርከብ ላይ መቀመጣቸውስ? ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን አንድ ሩሲያዊ የጀግኖቹ ባልደረባ ሆኖ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ጠረጴዛ ያሰናዳ ሰው ነው የሚታሰበው።

ተቃዋሚ

«ያለ እሱ» ያሉት አይገጥምም። ኩን በሁለተኛው ሲዝን አጋማሽ ከፕሮዲዩሰርነቱ ወጥቷል፤ የሦስተኛው ሲዝን ፕሮዲዩሰር ፍሬድ ፍራይበርገር ነበር። የጎደሉት ሁለቱም ናቸው፤ ለምን አንደኛውን ብቻ እንቆጥራለን?

የሮደንቤሪ ዓይን ሁልጊዜ ያሻሽል ነበር ማለትም ያስቸግራል። በ1987 በተጀመረው አዲሱ የስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የመርከቧ ባልደረቦች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ከለከለ። ድራማ ከግጭት ነው የሚወለደው፤ ደራሲዎቹ እጃቸው ታሰረ፤ በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች እየተከታተሉ ለቀቁ። በሦስተኛው ሲዝን የደራሲያኑን ክፍል ያረጋጋው ማይክል ፒለር ነው።

ደጋፊ

ፒለርን ማንሳትዎ ጥሩ ነው፤ የሮደንቤሪን ክልከላዎች ከጠሉት ወገን አልነበረምና። በ1989 የታየውን «ዘ ቦንዲንግ»ን ይውሰዱ። እናቱ የሞተችበት ሕፃን ታሪክ ነው። ሮደንቤሪ በ24ኛው ክፍለ ዘመን ሞት እንደ ተፈጥሮ ስለሚታይ ልጁ አያለቅስም አለ። ደራሲዎቹ ደነገጡ። ፒለር ግን ክልከላውን ወደ ታሪኩ አስገባው፤ ልጁ በማያስተማምን እርጋታ ዝም ይላል፣ ትግሉም ያን ዝምታ ሰብሮ ሐዘኑን ማውጣት ሆነ። ገና ከመጀመሪያው ቢያለቅስ ይህን ያህል አይከብድም ነበር። እንግዲህ ሁለተኛውን የሙከራ ክፍል እንተወውና በቦታው ይህ ይታይ። ሮደንቤሪ አንድ መስመር ሳይጽፍ ሐሳቡ ክፍሉን እንዴት እንደቀረጸው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

ተቃዋሚ

ይታይ፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ከመታየቱ በፊት የሮናልድ ሙር ስም ይጠራ፤ ስክሪፕቱን ጽፎ ያስገባው ገና የቴሌቪዥን ሥራ ያልነበረው ወጣት የስታር ትሬክ ወዳጅ ነበር። «ዘ ዴቭል ኢን ዘ ዳርክ»ም ከመርሐ ግብሩ አይውጣ። «ዘ ኬጅ» ሲጨመር ሦስቱ በድምሩ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ፤ ስለ እያንዳንዱ ደራሲ ጥቂት ለመናገር ጊዜ ይተርፋል።