«ተረጋጋ!» ያለው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ኳስ አዳንኩ። የላክሮስ በረኛ ነኝ፤ ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ይሄ በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ነገር ስላልሆነ ረጋ ብዬ ላውራው። ኳሷ ከቀኝ በኩል ከወገብ ዝቅ ብላ መጣች። ዱላዬን ሰደድኩ። «ጧ!» ብላ መረብ ውስጥ ገባች። የዱላዬ መረብ ውስጥ ማለቴ ነው። የበሩን መረብማ ድሮም ታውቀዋለች።

ገና ቀና ሳልል ከሜዳው ዳር ድምፅ መጣ።

«ተረጋጋ!»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተረጋጋሁ ሰው ነበርኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ድምፁን ስሰማ ግን ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ። ሰው እንዲሁ በባዶ ሜዳ ተረጋጋ አይባልም። አንድ የታየው ነገር ቢኖር ነው። ወደ ግራ አየሁ። ወደ ቀኝ አየሁ። «ኧረ ተረጋጋ!» ተደገመ። ወረወርኳት። የተቀበለኝ ልጅ አቀባበሉ ግሩም ነበር፤ ማሊያው ብቻ የእኛ አልነበረም።

ባዶ በር፣ ጎል። ሰውዬው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ አጠገቡ ላሉት «ተረጋጋ ብዬው ነበር እኮ!» ይላል። ምስክር እየቆጠረ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በበሩ ዙሪያ የተሰመረ ክብ አለ፤ ከመሃሉ እስከ መስመሩ በወንዶች ጨዋታ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። በሩ ቁመቱም ወርዱም 1.83 ሜትር ነው። ኳሱ ድፍን ጎማ ነው፤ 145 ግራም ገደማ ይመዝናል። በትልልቆቹ ውድድሮች በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍበት ጊዜ አለ። (እኔ ጋ የሚመጣው ከዚያ በጣም ይዘገያል። ይገባል ግን።) በረኛው ክቡ ውስጥ እስካለ ድረስ አጥቂ ሊነካው አይችልም። ንጉሥ ነው። ንግሥናው ግን 4 ሰከንድ ነው። ኳሱን በያዘ በ4 ሰከንድ ውስጥ ወይ ያቀብላል፣ ወይ ይዞ ይወጣል። ካለፈው ኳሱ ለባላጋራ ይሰጥበታል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ኳሱን ይዞ መመለስ የለም። ሴቶቹ 10 ሰከንድ አላቸው። እኔ 10 ሰከንድ ቢሰጠኝ ሁለት ጊዜ ተኩል እሳሳት ነበር።

እና ከ4 ሰከንዴ አንዱን የወሰደብኝ ይሄ ሰውዬ ነው። ብቻውን ቢሆን ጥሩ። አንዱ «ወርውር!» ይላል። አንዱ «ያዛት!» ይላል። «ውጣ!» የሚልም «እንዳትወጣ!» የሚልም አለ፤ አንዳንዴ ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው ነው። እሱ ግን ከሁሉም በላይ ይጮሃል። ረጋ በል ለማለት ደም ሥሩ ተገታትሯል።

ቆይ፣ ይሄ «ተረጋጋ» የሚሉት ቃል ማንን አረጋግቶ ያውቃል? በዕድሜዬ አንድም ሰው «ተረጋጋ» ተብሎ «እህ፣ ልክ ነህ» ብሎ ሲቀመጥ አላየሁም። የተቀመጠው ይነሳል፤ የተነሳው ይብስበታል። ቋንቋችን እኮ ለእንዲህ ያለው ቀን «አይዞህ» የሚል ቃል ሰጥቶናል። አይዞህ የሚልህ ሰው አጠገብህ መጥቶ፣ ትከሻህን ይዞ ነው የሚልህ። ግማሹን ጭንቀት ተሸክሞልህ ይቆማል። ተረጋጋ የሚልህ ግን ከሩቅ ነው። እሱ ሜዳው ዳር፣ አንተ እሳቱ ውስጥ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ሠርቶ ተረጋጋ የሚለው ነው። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ቀን የለፋሁበትን ፋይል አጠፋው። በስህተት ነው፣ እሺ። «የት አደረስከው?» አልኩት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም። «መጀመሪያ ተረጋጋ» አለኝ። በቃ! ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ፋይሉ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጠባዬ ሆነ። ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ እኔን ሲያረጋጋ ዋለ። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ። ማታ ላይ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ፋይሉ እስከ ዛሬ የለም። ብድር የማይመልስ ሰውም እንዲሁ ነው። ስትጠይቀው «ምነው፣ ተረጋጋ እንጂ» ይልሃል። እሱማ በአንተ ገንዘብ ተረጋግቷል።

የምወደው ተረት አለ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው። አራት ቃል እንኳ አይሞላም፤ አንዲት ሴትዮ፣ ጥድፊያዋ፣ መሬት ላይ የተዘራው ነገር፣ ጎንበስ ማለቷ ሁሉ ይታየኛል። ይሄን ተረት ያወጣው ሰው ላክሮስ እንዳልተጫወተ ግን እርግጠኛ ነኝ። ቢያንስ ራሷ ለቀመች እኮ! ማንም አልቀደማትም። እኛ ጋ የቸኮለ ያፈሳል፣ ሌላው ለቅሞ ያገባል። አሰልጣኛችን በበኩሉ የሚወደው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ነው። ጎል በገባብኝ ቁጥር ይሄን ይለኛል። እንቁላሉ እኮ 21 ቀን ተሰጥቶታል። 21 ቀን! ላዩ ላይ ደግሞ ዶሮ ታቅፈዋለች። ዶሮዋንም ማንም ዳር ቆሞ «ተረጋጊ!» አይላትም።

ተረት ካነሳን አይቀር፣ አንድ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ ረጅም ተከላካይ አለን። ኳስ ሳድን «ክሊር!» ብዬ እጮሃለሁ። ኳሱ እኛ ጋ ነው፣ ተበተኑ፣ እናውጣው ማለት ነው። ሁሉም ይበተናል። እሱም ይበተናል፣ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ። ዱላውን ዝቅ አድርጎ፣ አበዳሪውን እንዳየ ባለዕዳ አንገቱን ሰብሮ ይሮጣል። «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» የተባለው ለእሱ ነው። ሒሳቡን ደርሼበታለሁ። ኳሱን ሰጥቼው ቢነጠቅ ጥፋቱ የእሱ ነው። ካላየኝ ግን ልሰጠው አልችልም፤ እጄ ላይ ይቀራል፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ውሃውን እየጠጣ ይመጣና «ቅድም እኮ ነፃ ነበርኩ» ይለኛል። ነፃማ ነበርክ! እግዜር እንኳ የማያይህ ቦታ ነበርክ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ተረጋጋ እንዳይለኝ ፈርቼ።

ደግሞ በረኛ የሆንኩት ወድጄ መሰላችሁ? የዛሬ 7 ዓመት በረኛው ቀረና «ለዛሬ ብቻ ግባልን» አሉኝ። ያ «ዛሬ» እስካሁን አልመሸም።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ የምር የተረጋጉ ሰዎች አልነበሩም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1763፣ ዛሬ ሚሺጋን በሚባለው የአሜሪካ ምድር፣ ፎርት ሚሺሊማኪናክ ከሚባለው የእንግሊዞች ምሽግ ደጃፍ ላይ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኦጂብዌዎችና ሳኮች የላክሮስን ዘመድ «ባጋታዌ»ን ይጫወቱ ነበር። ወታደሮቹ ዘና ብለው ያያሉ። የምሽጉ በር ክፍት ነው። ኳሱ ወደ ምሽጉ ተወረወረ፤ ተጫዋቾቹ ተከትለውት ገቡ። ሴቶቹ በልብሳቸው ሥር ሸሽገው የቆዩትን መሣሪያ አቀበሏቸው። ምሽጉ ተያዘ። ሜዳ ዳር ቆሞ መረጋጋት የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ ካለ እነዚያ ወታደሮች ናቸው። ለእኛ ሰውዬ ይሄን ታሪክ ልነግረው አስቤ ነበር። ዛቻ እንዳይመስልብኝ ተውኩት።

ገና ምን አይታችሁ! እ.ኤ.አ. በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ላክሮስ ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳሊያ የተሰጠበት እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። የሚመለሰው 6 ለ6 የሚጫወቱት ዓይነት ነው። በዚያኛው ጎል ሲገባ መሃል ሜዳ ሄዶ መጋጠም የለም፤ የገባበት በረኛ ራሱ ኳሱን አንስቶ ወዲያው ያስጀምራል። እስቲ አስቡት። ጎል ገብቶብሃል። ሐፍረቱ ፊትህ ላይ ገና ትኩስ ነው። ጎንበስ ብለህ ከመረቡ ታነሳዋለህ፤ ዓለም ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ በየቋንቋው «ተረጋጋ!» ይልሃል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስለ ኳስ ማውጣት ነበር የማወራው።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አጥቼው አይደለም። መጀመሪያ ሩቁን ማየት ነው። በትከሻው ላይ ወደ ኋላ እያየ የሚሮጥ አማካይ ካለ ለእሱ፤ እሱ ከሌለ ቅርብ ላለው። ሁሉም ከተያዘ ከበሩ ኋላ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ይዞ መውጣት ነው። ስደነግጥ ግን ቅርብ ያለውን ብቻ ነው የማየው፤ ቅርብ ያለውን ደግሞ አጥቂ ከቦታል። የላይኛው እጄም ዱላውን ያንቀዋል። ዱላው ሲታነቅ ኳሱ ዘግይቶ ይለቃል፣ መሬት መትቶ ይነጥራል። 4 ሰከንድ እኮ ትንሽ አይደለም። ጭር ያለ ቤት ውስጥ ቆጥራችሁ እዩት። አንድ ትንፋሽ ያስወስዳል፣ ሜዳውን ያሳያል፣ ይተርፋልም። እኔ ጭር ያለ ሜዳ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሰውዬው መጣ። የአንዱ አማካያችን አጎት ነው ለካ። ትንሽ ቆመና «ይሄ እኮ ቀላል ነው፤ እስቲ ልሞክረው» አለ። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ? የራስ ቁሬን፣ የደረት መከላከያዬን፣ ዱላዬን አስረከብኩት። «ይግቡ ጋሼ» አልኩ። ሦስት ቀን ያዘጋጀኋት አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ናት።

ኳስ ተመታለት። በደረቱ ገታት። በዱላው አነሳት። አንገቱን ቀና አደረገ። አንድ፣ ሁለት። ግማሹን ሜዳ አሻግሮ የወንድሙ ልጅ ዱላ ውስጥ አስቀመጣት።

«አየህ?» አለኝ ቁሩን እያወለቀ። «መረጋጋት ብቻ ነው።»

ሁሉም አጨበጨበ። ረጅሙ ተከላካይ ሳይቀር አጨበጨበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ አየሁት። የሚያሳድደው አጥቂ እንዳልነበረ ማንም አላነሳም። የጮኸበትም ሰው አልነበረም። እኔ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዕድሜውን አክብሬ ነው የተውኩት።